የተነሳሁበት ኳስ

ጋሽ ኑሪ ያን ቀን ከሳጥኑ ላይ መነሳቴን ያውቁ ነበር?

ሊመልሱልኝ ይችሉ የነበሩት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ባለፈው ዓመት ወራቤ ላይ፣ አባታቸው አጠገብ ተቀብረዋል። ዜናውን ያመጡልኝ አንክል ኢሳ ናቸው። አንክል ኢሳ ፎርድስበርግ ውስጥ ከጋሽ ኑሪ መደብር ጎን ጨርቅ የሚሸጡ፣ አያቶቻቸው ከህንድ የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ለዓርብ ጸሎት ካልሆነ በቀር ከሱቃቸው ሲርቁ አይቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን ሮዘተንቪል ድረስ፣ እኔ ወደምሠራበት የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት መኪናቸውን ነድተው መጡ። በሩ ላይ ቆሙና ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ካፒቴናችን ወጣ» አሉኝ።

በክሪኬት «ወጣ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያስተማሩኝ ጋሽ ኑሪ ስለነበሩ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

ከሳቸው ጋር የተገናኘነው ወንድሜ ኦሬንጅ ፋርም የነበረችውን ስፓዛ የሚሏትን የሰፈር ሱቁን ሸጦ ወደ ኬፕታውን ሲሄድና እኔ ሥራ ፈት ስሆን ነው። ብርድ ልብስና መጋረጃ በጅምላ የሚሸጡ የስልጤ ሰው ሠራተኛ ይፈልጋሉ ብለው የአገር ልጆች ላኩኝ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጺማቸው በሂና የቀላ ሰው ከብርድ ልብስ ክምር ኋላ ብቅ አሉ።

«ከየት ነሽ?»

«ከሆሳዕና።»

«ጎረቤት ነሽ! ስምሽስ?»

«ማርታ።»

«ማርታ፣ ዝም ብለሽ መቀመጥ ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

«ስንት ሰዓት?»

«መጽሐፍ ካለኝ እስኪመሽ።»

«በቃ፣ ተቀጥረሻል» አሉና አንድ ቀይ የወተት ሳጥን ደፍተው ከግድግዳው አስጠጉልኝ። ጥያቄው ከሽያጭ ጋር ምን እንደሚያገናኘው የገባኝ ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ የህንድ ቡድን በመደብሩ ቴሌቪዥን ክሪኬት ሲጫወት ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገረው። አንዱ ኳስ ይወረውራል፤ ሌላው ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች ባት በሚባል ጠፍጣፋ ዱላ ይጠብቃል። እንጨቶቹ ከተመቱበት፣ ወይም የመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ከተያዘበት ወጣ፤ ለዚያ ተራ አበቃለት። እስካልወጣ ድረስ እየመታ ራን የሚባለውን ውጤት ያስቆጥራል፤ ኳሱ መሬት ነክቶ ከሜዳው ዳር ካለፈ አራት፣ ሳይነካ ካለፈ ስድስት። ስድስት ስድስት ውርወራ አንድ ኦቨር ይባላል። አጭር ጨዋታም አለ፤ ጋሽ ኑሪ የሚወዱት ግን አምስት ቀን የሚፈጀውን ነው።

«አምስት ቀን?» ይላቸው ነበር ሳሙኤል። ሳሙኤል የኦሬንጅ ፋርም ደንበኛችን ነው፤ የወላይታ ልጅ፣ የእንግሊዝ እግር ኳስ ካልሆነ ጨዋታ አለ ብሎ የማያምን። «ጋሽ ኑሪ፣ በአምስት ቀን እኮ ሰው ከናይሮቢ ሉሳካ ይደርሳል!»

«አንተ ደርሰህ ምን አገኘህ? ቁጭ ብለህ ጨዋታ ብታይ ይሻልህ ነበር።»

«ደግሞ መሀል ላይ ሻይ ይጠጣሉ አሉ!»

«ሰው ናቸዋ! ሰው ሻይ አይጠጣም?»

ጋሽ ኑሪ ክሪኬትን የለመዱት በጆሯቸው ነው። እዚህ አገር በገቡበት ዓመት ለአንክል ኢሳ ጣቃ ጨርቅ ተሸካሚ ነበሩ፤ በዚያ ሱቅ ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ክሪኬት ያወራል። እንግሊዝኛ አያውቁም። «ፎር» እና «ሲክስ» የምትለዋን «ሃው አር ዩ» ከምትለዋ በፊት አወቅኋት ይሉ ነበር። አንክል ኢሳ ደግሞ የገዛ አባታቸውን ነገር አጫወቷቸው፤ በቀድሞው የዘር መድሎ ዘመን ጥቁርና ህንዳዊ ተመልካች ከሜዳው አንድ ጥግ በሽቦ ታጥሮለት እንደሚቀመጥ፣ ከለውጡ በኋላ የህንድ ቡድን ሲመጣ ሽማግሌው አባት ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ መሀል ወንበር ላይ ተቀምጠው እንዳዩት። «ያን ከሰማሁ በኋላ የማን ደጋፊ ልሆን ኖሯል?» ይሉ ነበር ጋሽ ኑሪ።

የታላላቆቹን ተጫዋቾች ሥዕል ከጋዜጣ እየቀደዱ፣ የሚሰግዱበትን ጥግ ሳይነኩ፣ ከመጋረጃ ማሳያው በላይ ለጥፈዋል። ስማቸውን ግን አይጠሩም። ምላሴ ያበላሸዋል ብለው ሁሉንም በአማርኛ ክርስትና አንስተዋቸዋል፤ «ክርስትና» የምትለዋ ቃል የኔ ናት፤ እሳቸው ሲሰሙኝ ይስቁ ነበር። «አጭሩ» አለ፤ ኳስ የራስ ቁሩን መትቶ ሲጥለው ተነስቶ፣ ባቱን መሬት ላይ ሁለቴ ነክቶ፣ ምንም እንዳልሆነ የሚቀጥለውን የሚጠብቅ። «ዝምተኛው» አለ። «ይኼ ሰውዬ መደብር ቢኖረው ይከብር ነበር፤ ኪሳራውን ፊቱ ላይ አታነቢም።» «ቁጡው» ደግሞ ከሁሉ የሚያስጨንቃቸው ነው፤ ቡድኑ ከኋላ ተነስቶ ማሸነፍ ሲኖርበት ሞባይሉን እንደተቀማ ሰው ነው ውጤቱን የሚያሳድደው።

ሌላው ሰው ጭብጨባውን ለስድስቱ ያቆያል። ጋሽ ኑሪ የሚያጨበጭቡት ግን ምንም ላልሆነ ኳስ ነው። አጭሩ ባቱን አንስቶ ኳሷን በአጠገቡ ሲያሳልፋት ጉልበታቸውን መታ ያደርጋሉ። «አየሽ? ሊመታት ይችል ነበር። ተዋት። የተተወ ኳስም ጨዋታ ነው።»

ወደ ሳጥኑ ልመለስ። የህንድ ደጋፊ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ደንብ አለ፤ መቺዎቹ ደህና እየሄዱ ከሆነ ማንም ካለበት ቦታ አይንቀሳቀስም። ሰው ከተነሳ መቺው ይወጣል። ደንቡን ወደ መደብራችን ያስገቡት አንክል ኢሳ ናቸው፤ ሕግ ያደረጉት ግን ጋሽ ኑሪ ናቸው። አንድ ጊዜ ከሶዌቶ የመጡ ማማ መጋረጃ ዘርግተው ሲያዩ ቁጡው አራት መታ። «ማማ፣ እባክዎ እንደዚያው!» አሏቸው። ሴትዮዋ በመገረም «ሃይቦ!» አሉ፤ ግን መጋረጃውን እንደዘረጉ ግማሽ ሰዓት ቆሙላቸው። ከዚያ ወዲያ ጨዋታ ባለ ቁጥር ይመጡና «እጄ የት ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ።

እኔ የቃለ ሕይወት ልጅ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር አልወድም።

«ጋሽ ኑሪ፣ ይኼ እኮ ጥንቆላ ነው።»

«አላህ ይጠብቀን! ምን ጥንቆላ? ሥነ ሥርዓት ነው።»

«ያምኑበታል?»

«አላምንበትም።»

«እንግዲያው ልነሳ?»

«አላምንበትም። ግን እንዳትነሺ!»

ዝም ብዬ መቀመጥ ስለምችል ሳጥኑ የኔ ሆነ፤ መጽሐፌ ጭኔ ላይ፣ ደብተሩ ጉልበቴ ላይ። ደብተሩ የያንዳንዱ ኳስ መዝገብ ነው፤ ምንም ላልሆነ ኳስ ነጥብ፣ ለተመታው ቁጥር፣ ለወጣው መስቀል። ጋሽ ኑሪ ሲሰግዱ ወይም ደንበኛ ሲሸኙ ያመለጣቸውን ከደብተሩ ያያሉ፤ ሲያዩም እንደ ፈታኝ ነው። «ሠላሳ አራተኛው ኦቨር፣ ሦስተኛዋ ኳስ ባዶ ናት። ምን ሆና ነው?» ደንበኛ ሸፍኖኝ አላየሁም አልኳቸው። እኔም ነገር ሳይሟላ የማልወድ ነኝና ከስልክ ላይ አይቼ ልሙላው አልኩ። እጄን ያዙኝ። «ያላየሽውን እንዳትጽፊ። ባዶ ቦታ ውሸት አይደለም።»

ትምህርቴን ከአምስተኛ ክፍል አቋርጬ እንደነበር ያወቁት መጽሐፌን ገልብጠው፣ «ይኼን ሁሉ አንብበሽ ስንተኛ ነሽ?» ሲሉኝ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት የጎልማሶች ትምህርት አስመዘገቡኝ። ክፍሉ ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ የመደብሩ ዋና ቀን። «ቅዳሜን እኔ እችለዋለሁ» አሉ። ዓመታት ፈጀ። ማትሪክ ላይ ስደርስ ከፎርድስበርግ እስከ ሐበሻ ገበያው ጀፒ ያልነገሩት ሰው አልነበረም። እኔም ሒሳብ ወደቅሁ።

በበሩ የሚያልፍ ሁሉ «ማርታ እንዴት ሆነች?» ይላል። እኔ ከብርድ ልብሱ ኋላ እደበቃለሁ። ሳሙኤል ብቻ ፊት ለፊት መጣ። «ማትሪኩስ? እሱም አምስት ቀን ይፈጃል እንዴ?»

ጋሽ ኑሪ ቀና አላሉም። «አንተ ምን ታውቃለህ? በረጅሙ ጨዋታ የወጣ መቺ ሁለተኛ ተራ አለው። ሕጉ ነው።»

ለሁለተኛው ተራ ተመዘገብሁ። ይህን ግን ለማንም አልነገርሁም፤ ለሳቸውም ጭምር። ብወድቅ ለብቻዬ ልውደቅ፣ በሳቸው አፍ ጀፒን ሁለቴ አልዙር ብዬ ነው።

ከዚያ ልባቸው ታመመ። ደረጃ መውጣት ቀርቶ ለሶላት መቆም አቃታቸው፤ ደረታቸው ተከፍቶ መጠገን ነበረበት። የቀዶ ሕክምናው ቀን ሲነገራቸው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ስለ ጨዋታው ነበር። ህንድ እዚሁ አገር እየተጫወተች ነው፤ ያ ቀን አምስተኛውና የመጨረሻው ነው፤ ለማሸነፍም ብዙ ራን ይቀራታል። በዋዜማው ልጠይቃቸው ሄድሁ። አልጋው ላይ አጥረዋል።

«ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ያስተኙኛል። ጨዋታውን አላየውም። አንቺ ሳጥንሽ ላይ ሆነሽ እይልኝ። እያንዳንዷን ጻፊ። እስኪያልቅ እንዳትነሺ።»

«እሺ።»

«ኢሳም ከወንበሩ አልነሳም ብሎኛል።» ከዚያ እጄን ያዙ። እጃቸው ቀዝቅዟል። «ማርታዬ፣ ፈርቻለሁ።»

እኚህን ሰው ሌቦች ሽጉጥ ደግነውባቸው «መጀመሪያ ሳውቦና በል፤ ሰላምታ ይቀድማል» ሲሉ አይቻቸዋለሁ። ፈርቻለሁ ሲሉ ያን ቀን ብቻ ሰማሁ።

«አልነሳም» አልኳቸው።

ቦርሳዬ ውስጥ የፈተና መግቢያ ወረቀቴ ነበር። ሒሳብ። ነገ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

በማግሥቱ ብቻዬን ሳጥኑ ላይ ተቀመጥሁ። ጻፍሁ። ነጥብ፣ ነጥብ፣ አንድ፣ ነጥብ፣ አራት። አጭሩና ዝምተኛው ከጨዋታ ዓለም ተሰናብተዋል፤ የቀረን ቁጡው ነው፤ እሱም ለብቻው ተሸክሞታል። ስድስት ሰዓት ሲሞላ «አሁን አስተኟቸው» አልኩ ለራሴ። ሰባት ሰዓት ሲሆን ቁጡው አለ፤ መንገዱ ግን ገና ግማሽ ነው። የፈተናው ጣቢያ ሁለት ታክሲ ይፈልጋል። አሁን ካልተነሳሁ አልደርስም።

ወርዋሪው መሮጥ ሲጀምር ተነሳሁ።

የመሀለኛው እንጨት ተነቅሎ በረረ።

ቁልፉን እንደያዝሁ ቆምሁ። በምልኪ አላምንም፤ እናቴ ጓዳ ሳለሁ ጀምሮ አላምንም። እምነቴ «ሂጂ» አለኝ፤ እኔ ግን መጋረጃ እንደዘረጉት ማማ ባለሁበት ቀረሁ። አንድ ሰው ደረቱ ተከፍቶ ተኝቷል፤ አልነሳም ያልሁት ለሱ ነው። ልቀመጥ? ብቀመጥ ደግሞ ቁጡው አይመለስም። ደብተሩን አንስቼ መስቀሉን ጻፍሁ፤ አይቼዋለኋ። ከሱ በኋላ ያለውን ገጽ ባዶውን ተውሁት። የብረቱን በር አወረድሁ።

ፈተናው ላይ ሦስተኛው ጥያቄ ባለፈው የጣለኝ ዓይነት ነበር። አየሁት። እጄ ሊጀምረው ተነሳ። ባቱን አንስቼ በአጠገቤ አሳለፍሁት፤ ወደ አራተኛው ሄድሁ። የተተወ ኳስም ጨዋታ ነው። ሌላውን ሁሉ ጨርሼ ስመለስበት እሱም ደክሞ ጠበቀኝ።

ስወጣ ስልኬ ላይ የአንክል ኢሳ ጥሪ ዘጠኝ ጊዜ ተደርድሯል። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ደወልሁ።

«አሸነፍን!» ብለው ጮሁ።

«ማን? ህንድ ወይስ ጋሽ ኑሪ?»

«ሁለቱም! ሁለቱም ልጄ! ልቡ ከተሠራ ገና ሰዓት አልሆነውም፤ እነዚያም የመጨረሻዎቹ ሁለት መቺዎች፣ ማንም ያልጠበቃቸው፣ ኳሱን እያሳለፉ እየመቱ ጨረሱት!»

ደረጃው ላይ አለቀስሁ። የማያውቁኝ ተፈታኞች ፈተናው የከበደኝ መስሏቸው አጽናኑኝ።

በሦስተኛው ቀን አስገቡኝ። አፍንጫቸው ላይ ቱቦ አለ፤ ድምፃቸው ሹክሹክታ ነው።

«ተነሳሽ?»

«አልተነሳሁም።»

ለሳቸው የዋሸሁት ይህን ብቻ ነው። ረጅም አዩኝ። «አውቃለሁ» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ከዚያ በኋላ ዝናዬ ወጣ። «ህንድን በወንበር አሸናፊ ያደረገች ልጅ» እያሉ ለደንበኛ ሁሉ ያስተዋውቁኝ ነበር። ሳሙኤል ሳይቀር ሳጥኑን ሳይነካ በሩቁ መዞር ጀመረ። «ብሮ፣ በዚህች አትቀልድ» ይላል ለጓደኞቹ። እኔ አንገቴን ደፍቼ እሸጣለሁ።

ውጤቱ ሲመጣ አልፌአለሁ። ወረቀቱን ምንም ሳልናገር ሰጠኋቸው። መነጽር ፈለጉ፣ አነበቡ፣ ሒሳብ የምትለዋ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ከዚያ ወረቀቱን ግንባራቸው ላይ አደረጉት። በጠራራ ፀሐይ መደብሩን ዘጉ፤ ከአንክል ኢሳ ጋር ሁለት ትሪ ሳምቡሳ ተሸክመው መንገዱን ሙሉ አበሉ፤ ለሳሙኤል ደውለው ስልኩ ውስጥ «ሁለተኛው ተራ! ሁለተኛው ተራ!» እያሉ ጮሁ። ፍንጭት ጥርሳቸው ሁሉ ታየ። እኔ እንዲያ ተደስቶ ያየሁት ሰው የለም።

አንድ ነገር ግን አልጠየቁኝም። የትኛው ኦቨር፣ ስንተኛዋ ኳስ፣ በስንት ሰዓት ሳይሉ የማያልፉ ሰው «መቼ ተፈተንሽ?» አላሉኝም። የዚያን ቀን ደብተርም «አምጪው» ሳይሉኝ ቀሩ። የሌላውን ጨዋታ ሁሉ ኳስ በኳስ የሚመረምሩ ሰው፣ ያን አንዱን ደብተር፣ የሕይወታቸውን ጨዋታ፣ ከፍተው አላዩም። ረስተውት ይሆን? ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው የሚያሠቃየኝ።

ወደ ወራቤ ሊመለሱ ሲሉ በሰው ፊት ሳጥኑን አንስተው ሰጡኝ። «ቦታሽ ነው» አሉ። አሁን ቤቴ ውስጥ መጻሕፍት ተደርድረውበታል። ተቀምጬበት አላውቅም።

ካረፉ ከጥቂት ወራት በኋላ ህንድ እንደገና መጣች። አንክል ኢሳ ሁለት ትኬት ገዝተው ወሰዱኝ፤ አባታቸው ከረባት አስረው የተቀመጡበት አካባቢ፣ መሀል ላይ። ደብተር ይዣለሁ፤ ያንኑ ደብተር፤ ባዶ ገጹ ካለበት ቀጥሎ መጻፍ ጀምሬአለሁ። መጨረሻው ቀርቧል። አንድ ጥሩ ምት ካገኙ ያሸንፋሉ። አንክል ኢሳ ክንዴን ይዘዋል። «እንዳትነቃነቂ። የኑሪ ልጅ ነሽ፤ አንቺ ታውቂበታለሽ።»

ይህን ከዚያ በላይ መሸከም አልቻልሁም።

«አንክል፣ እኔ ያን ቀን ተነስቻለሁ።»

ዓይናቸውን ከሜዳው ነቀሉ። ደብተሩን ገልጬ አሳየኋቸው፤ መስቀሉን፣ ከመስቀሉ በኋላ ያለውን ባዶ። ፈተናውን ነገርኋቸው። በሩን እንዴት እንዳወረድሁ፣ ሆስፒታል ምን እንዳልኋቸው።

አንድ ሙሉ ኦቨር ሜዳውን አዩ። እኔ ነጥቦቹን ጻፍሁ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር።

«እኔም!» አሉ እንባቸው እስኪወርድ እየሳቁ። «እኔም ተነስቻለሁ! መቀመጥ አቃተኝ። ሬዲዮውን ከፍቼ ሆስፒታሉ በር ድረስ ነዳሁ። መኪናዬ ውስጥ ነው ያሸነፍነው! ኑሪም ሲነቃ ‹ተነሳህ?› አለኝ። አልተነሳሁም አልኩት።»

«ምን አሉዎት?»

«‹አውቃለሁ› አለኝ።»

ተያየን።

«አንክል፣ ያውቁ ነበር?»

«ልጄ፣ እኔም ስንት ዓመት ራሴን እጠይቃለሁ» ብለው ሳይጨርሱ ሜዳው ላይ ባት ሲመታ ተሰማ፤ ያ ደረቅ፣ ንጹሕ ድምፅ። ኳሷ ከፍ አለች። ዙሪያችን ያለው ሕዝብ ሁሉ ብድግ አለ። እኔ ከልማድ ሳልንቀሳቀስ ቀረሁ፤ የሰው ጀርባ ሸፈነኝ። አንክል ኢሳ በታመመ ጉልበታቸው እየተንገዳገዱ ቆመው እጄን ጎተቱኝ።

«ተነሺ! ተነሺ ልጄ፣ አታይም!»

ተነሳሁ። ኳሷ ከአጥሩ ማዶ፣ ሣሩ ላይ ስታርፍ በዓይኔ አየኋት። ስለዚህ ጻፍኋት። ስድስት።